ትርፋማ ድርጅት ጥሬ ገንዘብ ለምን ያጥረዋል?

አንድ ድርጅት በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ማስመዝገቡ ብቻውን ጤናማ መሆኑን አያረጋግጥም። መዝገቡ ትርፍ እያሳየ ለደመወዝና ለጥሬ ዕቃ መግዣ የሚሆን ገንዘብ የሚያጣ ድርጅት ጥቂት አይደለም። ገንዘቡ በመጋዘን በተከማቸ ዕቃና በደንበኞች እጅ ባለ ዱቤ ታስሮ ይቆያልና።

ለዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ የሚውለው ይህ ገንዘብ የሥራ ማስኬጃ ካፒታል ይባላል። መጠኑ የሚታወቀው ከጥሬ ገንዘብ፣ ከክምችትና ከተሰብሳቢ ሂሳብ ድምር ላይ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚከፈል ዕዳ ሲቀነስ ነው።

አጠቃቀሙን ለመለካት ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የዓመቱን ሽያጭ ለሥራ ማስኬጃ ካፒታሉ ማካፈል ነው። ለአብነት በዓመት 36 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር የሚሸጥና 7 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር የሥራ ማስኬጃ ካፒታል ያለው የዱቄት ፋብሪካ ቢኖር፣ ገንዘቡ በዓመት 5 ጊዜ ተሽከርክሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቀናትን መቁጠር ነው። የፋብሪካው ስንዴና ዱቄት በመጋዘን 60 ቀን ቢቆይ፣ ዱቤው በ30 ቀን ቢሰበሰብና ፋብሪካው ለአቅራቢዎቹ በ10 ቀን ቢከፍል፣ ገንዘቡ ወጥቶ እስኪመለስ 80 ቀን ይፈጃል። የዕለት ሽያጩ 100 ሺህ ብር፣ የተሸጠው ዕቃ የዕለት ወጪ ደግሞ 80 ሺህ ብር ነው እንበል። የክምችቱ ቆይታ በ15 ቀን፣ የዱቤው በ5 ቀን ቢያጥር 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር ነፃ ይወጣል፤ ያለ ተጨማሪ ብድር።

ይሁንና ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። እህል በብዛት ለገበያ የሚቀርበው ከመኸር በኋላ በመሆኑ በጥር የሞላ መጋዘን በሰኔ ሊራቆት ይችላል። በሰኔ 30 ቆጠራ ብቻ የተሠራ ስሌት ክምችቱን አሳንሶ ድርጅቱን ከእውነታው በላይ ቀልጣፋ ያስመስለዋል። ስለዚህ የየወሩን አማካይ መውሰድ ይመረጣል። በሌላ በኩል ከመጠን በላይ ከፍ ያለ ውጤት ድርጅቱ በቂ ክምችት እንደሌለውና በትንሽ መሰናክል ሊቆም እንደሚችል ይጠቁማል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የአቅራቢው ክፍያ ነው። ፋብሪካው ለአርሶ አደሩ በ10 ቀን ፋንታ በ40 ቀን ቢከፍል 80 የነበረው ቀን ወደ 50 ይወርዳል። በወረቀት ላይ መሻሻል ቢመስልም፣ ድርጅቱ የተሻለ ሥራ አልሠራም፤ ሸክሙን ዘር መግዛትና ዕዳውን መክፈል ወዳለበት ገበሬ አዛወረው እንጂ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና አስይዞ ለመበደር የሕግ መሠረት ጥሏል። ብድር ግን ወለድ ስላለው የታሰረ ገንዘብን የማስለቀቅን ያህል አይረክስም።

የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላትም በጠቅላላ ጉባኤ ከትርፍ ድርሻ ባሻገር ሦስት ነገሮችን ሊጠይቁ ይገባል፤ እህሉ በመጋዘን ስንት ቀን ቆየ? ዱቤው በስንት ቀን ተሰበሰበ? ለአምራቹስ በስንተኛው ቀን ተከፈለ?