ግድግዳው ሳይደርቅ ቀለም አይቀባም

ክረምቱ ሲወጣ በብዙ ቤቶች የሚታይ ነገር አለ። የግድግዳው ቀለም አብጦ ይላጣል፤ ከአልጋው ኋላ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል፤ ልብሱም መጽሐፉም ይሸታል። አባወራው ያጠራቀማትን ገንዘብ አውጥቶ «ውሃ አያስገባም» የተባለ ቀለም ገዝቶ ያስቀባል። በዓመቱ ግን ችግሩ ብሶ ይገኛል። ለምን?

ውድ አንባቢያን! ቀለም ከመግዛት በፊት «ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው በተሰነጠቀ ልስንና በተበሳ አሸንዳ የሚገባው ዝናብ ነው። ሁለተኛው ከመሬት በመሠረቱ በኩል ሽቅብ የሚሳበው እርጥበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ግርጌ ነጭ የጨው ዱቄት ይተዋል። ሦስተኛው ከራሳችን የሚወጣ ነው፦ የድስቱ እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የሚሰጣው ልብስ፣ የተኙ ሰዎች ትንፋሽ። ይህ ሁሉ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል።

ቀላል መፈተኛ አለ። አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዳር ዳሩን በፕላስተር አጣብቆ ለ2 ቀን መተው ነው። ውሃው በላስቲኩ ፊት ከታየ ከቤቱ አየር፣ ከኋላው ከታየ ግን ከግድግዳው ነው።

ውሃ ተከላካይ ቅቦች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ እንደ ላስቲክ ይሸፍናል። ዝናብ ይከለክላል፤ ሆኖም ውስጥ ያለውንም እርጥበት አላስወጣ ይላል። የታፈነው ውሃ ቀለሙንና ልስኑን ገፍቶ ይጥላል። ሁለተኛው ከሲሊኮን ወገን ሆኖ ልስኑ ውስጥ ይሰርጋል፤ ጠብታን ያንሸራትታል፤ እንፋሎትን ግን ያሳልፋል። ለሲሚንቶ ልስን ይህ ይሻላል። ቢሆንም ስንጥቅ አይደፍንም፤ ከመሬት የሚወጣውንም እርጥበት አያቆምም።

ለጭቃ ቤት ጥንቃቄው ይበልጣል። በሲሚንቶና በፕላስቲክ ቀለም ከታፈነ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ለእርሱ እርጥበት የሚያስተነፍሰው ኖራ ይስማማዋል።

እንግዲህ ሥራው በቅደም ተከተል ይሁን። አሸንዳውን መጠገን፣ ከግድግዳው ግርጌ የተከመረውን አፈር አንስቶ ቦይ ማውጣት፣ የላላውን ልስን ፍቆ ስንጥቁን መድፈን፣ ከዚያም በበጋው ፀሐይ በደንብ ማድረቅ ነው። ቅቡ የመጨረሻው ነው፤ የሚቀባውም በውጭ በኩል ነው። ስለዚህ ከመስከረም ይልቅ ጥርና የካቲት ይመረጣሉ።

ነገሩ የቤት ማሳመር ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለአስምና ለመተንፈሻ አካል ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ገልጿል። ግድግዳው እስኪጠገን ድረስ የልጆችን አልጋ ከግድግዳው ፈቀቅ ማድረግ፣ ጠዋት ጠዋት መስኮት መክፈት፣ ሻጋታውንም በደረቁ ሳይጠርጉ በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ገንዘብ አይጠይቅም።