የድረ ገጽ ሠሪዋ አንድ የሥራ ቀንና የነጋዴው ድርሻ

ነጋዴ ሱቁን ሲከፍት አስቀድሞ ደጃፉን ያስጠርጋል፤ መደርደሪያውን ያስወለውላል፤ ከበሩም በላይ ስሙን በጉልህ ጽፎ ይሰቅላል። ይህንም የሚያደርገው ለውበት ብቻ ሳይሆን፣ መንገደኛው ስሙን አንብቦና ዕቃውን አይቶ እንዲገባ በማሰብ ነው። በዛሬው ዘመን ግን ገዥ ሁሉ በደጃፍ አያልፍም። በሐምቡርግ ወይም በጅዳ የተቀመጠ ነጋዴ የኢትዮጵያን ቡና ወይም ሰሊጥ ሊገዛ ሲያስብ፣ ናሙና ከመጠየቁ በፊት የሻጩን ስም በስልኩ ጽፎ ይፈልጋል። የሚያገኘው ድረ ገጽ ለእርሱ ደጃፉም መደርደሪያውም ነው።

ይህን ደጃፍ የሚሠሩት ባለሙያዎች ቀናቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ የሚያውቁ አይመስለንም። ሥራቸው ሥዕል መሣልና ቀለም መምረጥ ብቻ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ በኅዳር ወር በአንድ ሰኞ፣ በአዲስ አበባ ከተማ ለነጋዴዎች ድረ ገጽ በመሥራት ከዐሥር ዓመት በላይ ከቆዩ አንዲት ባለሙያ ዘንድ ውለን ያየነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን። የእርሳቸውም ሆነ የደንበኞቻቸው ስም እንዳይጠቀስ ስለ ጠየቁን ፈቃዳቸውን ጠብቀናል።

ሙያው ራሱ ረጅም ዕድሜ የለውም። እንግሊዛዊው ሊቅ ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ ባለው ሴርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠሩ የዚህን አሠራር ሐሳብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ተቋሙም እ.ኤ.አ. በ1993 ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲገለገልበት ለዓለም ለቀቀው። ኢንተርኔት ለአገራችን ሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ስለዚህ የዛሬዎቹ ባለሙያዎች ሙያቸውን ከአባት የወረሱት ሳይሆን በራሳቸው ትጋት የተማሩት ነው።

ስሙ የጠፋበት ላኪ

ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ባለሙያዋ ገና ቁርሳቸውን ሳይቀምሱ ስልካቸው ጮኸ። የደወሉት ዕድሜያቸው የገፋ አንድ የቡና ላኪ ነበሩ።

«ልጄ፣ አዲሱ ቡና እየደረሰ ነው፤ ገዥያችን ስለ ናሙናው የጻፈልን ደብዳቤ ግን ተመለሰበት ብሎ ወኪሉ ነገረኝ። ገጻችንም ከቅዳሜ ጀምሮ አልከፈት ብሏል። ምን ደረሰብን?» አሏቸው።

«አይደንግጡ ጋሼ። የስሙ ዓመታዊ ክፍያ ሳይከፈል አልፎ እንዳይሆን እሰጋለሁ። መጀመሪያ ስሙን ያስመዘገበው ማን ነበር?»

«የእኅቴ ልጅ ነው። እርሱም አሜሪካ ከሄደ አራት ዓመት ሆነው።»

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ተገለጠ። ድረ ገጽ ሁለት ዓይነት ኪራይ አለበት። አንደኛው ዶሜይን ለሚባለው ስም የሚከፈለው ነው፤ ሁለተኛው ሆስቲንግ የሚባለው፣ ይኸውም ገጹ ለሚቀመጥበት ቦታ የሚከፈለው ነው። ስሙ ለዘለዓለም የሚሸጥ አይደለም፤ በየዓመቱ ወይም የጥቂት ዓመታት በአንድነት ይከፈልበታል። ጊዜው ሲቃረብ ማስታወሻ የሚላከው ስሙን ባስመዘገበው ሰው ኢሜይል ስለ ሆነ፣ የላኪው ማስታወሻ ሁሉ የእኅታቸው ልጅ በማይከፍተው አሮጌ አድራሻ ተከማችቶ ቀርቷል። የድርጅቱም ኢሜይል በዚያው ስም የሚሄድ በመሆኑ፣ ስሙ ሲቋረጥ ገጹም ደብዳቤውም አብረው ተቋረጡ።

በዶት ኮም የሚያልቅ ስም ክፍያው ሲያልፍ መዝጋቢው ድርጅት በራሱ ደንብ ጥቂት ጊዜ ይታገሣል። ከሰረዘው በኋላም የቀድሞው ባለቤት ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ የሚመልስበት የ30 ቀን ጊዜ አለ። ያም ካለፈ ከ5 ቀን በኋላ ስሙ ለቀደመ ሁሉ ክፍት ይሆናል። አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለዋል፤ ይህ ዓይነቱ ስም ግን ክፍያው ከተቋረጠ ከባለቤቱ ቀድሞ ይሞታል።

በዋሽንግተን በዚያ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነበርና የላኪው የእኅት ልጅ ሳይተኛ በስልክ ተገኘ። የአሮጌውን ኢሜይል የይለፍ ቃል ግን ረስቶታል። ባለሙያዋ ምን ምን እንዲያደርግ አንድ በአንድ ከነገሩት በኋላ ወደ ላኪው ተመልሰው፣ «ጋሼ፣ እስከዚያው ድረስ ገዥውን በስልክ ያነጋግሩት፤ ዝም ካልን የተዘጋን ይመስለዋል» ሲሉ መከሯቸው።

«ከሁለት ዓመት በፊት ገጹን ስናድስ፣ ስሙን በድርጅቱ ስም እንዲያዛውሩት በጽሑፍ አሳስቤያቸው ነበር። ደግሜ አለመወትወቴ ግን የእኔ ጥፋት ነው» ሲሉ ባለሙያዋ ነግረውናል።

ባዶው የዕቃ ዝርዝር

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በመርካቶ የሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ ወደሚሸጡ አንድ ነጋዴ ዘንድ አብረን ሄድን። ነጋዴው ተቈጥተው ነበር። «ቀብድ ከከፈልኩ ሁለት ወር አለፈኝ፤ ገጹ የታለ?» አሉ። ባለሙያዋም በውሉ ዕለት የሰጧቸውን ቅጽ ጠየቋቸው። ቅጹ ከመሳቢያ ሲወጣ፣ የዕቃው ስም፣ ልኩ፣ የተሠራበት አገርና ዋጋው የሚጻፍበት ቦታ ሁሉ ባዶ ነበር።

ባለሙያዋ እንደሚሉት የሥራቸው ትልቁ ክፍል ንድፍ ሳይሆን ጥበቃ ነው። ንድፉ በሁለት ሳምንት ሲያልቅ፣ በውስጡ የሚገባው ቃል ሁለት ወር ይፈጃል። የሴራሚኩን ርዝመትና ወርድ ከነጋዴው በቀር ማንም አያውቀውም፤ ሠሪው በግምት ቢጽፈው ሐሰት ይሆናል። በዚያን ዕለት ነጋዴውና ባለሙያዋ በሱቁ ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው ቅጹን በአንድ ሰዓት ተኩል ሞሉት። ሁለት ወር የፈጀው ሥራ ይኸው ነበር።

ስለ ሥዕሎቹም ክርክር ተነሣ። ነጋዴው ከአንድ የውጭ ፋብሪካ ካታሎግ ላይ የተወሰዱ ሥዕሎች አቅርበው ነበር። ባለሙያዋ ግን፣ ሥዕሉ የሌላ ሰው ንብረት መሆኑን፣ ይልቁንም ገዥው በሥዕሉ ያየውን በሱቁ ሳያገኝ ሲቀር እምነቱን እንደሚያነሣ አስረድተው፣ ዕቃዎቹን በመጋዘኑ በር በቀን ብርሃን ራሳቸው አነሧቸው።

የሥዕሉ ክብደትም ሌላ ጉዳይ ነው። በስልክ የሚነሣ አንድ ሥዕል 5 ሜጋባይት ያህል ሊሆን ይችላል፤ 20 ሥዕል በአንድ ገጽ ቢደረደር 100 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው። ይህን ለማየት ገዥው ከኪሱ የኢንተርኔት ጥቅል ይከፍላል፤ መስመሩ ደካማ ከሆነም ሳይከፈትለት ትቶት ይሄዳል። ባለሙያዋ እያንዳንዱን ሥዕል ወደ 200 ኪሎባይት አውርደው ሁሉንም በ4 ሜጋባይት ጨረሱት፤ በስልክ መስታወት ላይም የጥራቱ ልዩነት አይታወቅም። ገጹም ራሱን በስልክና በትልቅ መስታወት ስፋት ልክ የሚያስተካክል ነው። ይህ አሠራር ስሙን ያገኘው ኤታን ማርኮት የተባሉ አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 በጻፉት ጽሑፍ ነው።

ፊደል፣ ሰዓትና ቀን

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ባለሙያዋ ግን የለመዱት ነገር ነውና ኮምፒዩተራቸውን ይዘው ባትሪው እስኪያልቅ በአንድ ቡና ቤት ሥራቸውን ቀጠሉ። በዚህ ጊዜ ያረሙት የአንድ ሰሊጥ ላኪ ገጽ ነበር። በገጹ ላይ፣ መሥሪያ ቤቱ «ከ2 እስከ 11 ሰዓት» ክፍት ነው የሚል በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ተጽፏል። ለእኛ ይህ ከማለዳ እስከ ማታ ሲሆን፣ የውጭ አገር ሰው ግን 2 ሰዓትን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወይም ከቀኑ 8 ሰዓት አድርጎ ይረዳዋል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ በእኛ አቈጣጠር የተጻፈ የመከር ዓመት ከእነርሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚያንስ፣ ገዥው አሮጌ ሰሊጥ የቀረበለት ይመስለዋል። ባለሙያዋ በአማርኛው ገጽ የእኛን፣ በእንግሊዝኛው ገጽ የእነርሱን አቈጣጠር ለይተው አስገቡ።

የፊደላችንም ነገር ቀላል አልነበረም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም የየራሱን ቍጥር ለፊደላቱ ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ባለሙያዋ ዛሬም ቢሆን በአሮጌ ፕሮግራም የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር ይዘው የሚመጡ ነባር ነጋዴዎች እንዳሉና ዝርዝሩን እንደገና መጻፍ ግድ እንደሚሆን ነግረውናል።

በዶላር የሚከፈል ኪራይ

ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመለስ የሒሳብ ሥራ ጠበቃቸው። ብዙዎቹ የድረ ገጽ ማኖሪያዎች በውጭ አገር ስለ ሆኑ ኪራያቸው በዶላር ይጠየቃል። የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ በዓመት 120 ዶላር የሚከፈልበት ማኖሪያ ከ6,840 ብር ተነሥቶ ከ12,000 ብር አለፈ። ባለሙያዋ በዚያን ዓመት ከብዙ ደንበኞች ጋር የተዋዋሉት በተቈረጠ የብር ዋጋ ስለ ነበር፣ ልዩነቱን ከራሳቸው ኪስ ከፍለዋል። ከዚያ ወዲህ የሠሪው ድካም በብር፣ ኪራዩ ግን በዕለቱ ምንዛሪ ተብሎ በውላቸው ተለይቶ ይጻፋል። ይህም ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ነው።

አንዲት ፊደል የሳተችው ደብዳቤ

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ደወሉ። የዘወትር ሻጫቸው «የባንክ ሒሳብ ቍጥራችን ስለ ተለወጠ ክፍያውን በአዲሱ ላኩልን» የሚል ኢሜይል ልኮላቸው፣ ገንዘቡን ሊያዛውሩ ወደ ባንክ እየሄዱ መሆናቸውን ነገሯቸው። ባለሙያዋ ደብዳቤው እንዲላክላቸው ጠይቀው ሲመለከቱት፣ የላኪው አድራሻ ከእውነተኛው ሻጭ አድራሻ በአንዲት ፊደል ይለያል። «በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አይደውሉ፤ ድሮ በሚያውቁት ቍጥር ደውለው ይጠይቁ» አሏቸው። ሻጩም ሲጠየቅ የሒሳብ ቍጥሩ እንዳልተለወጠ አረጋገጠ። ይህ ጥያቄ ከድረ ገጽ ሠሪ ውል ውጭ ነው፤ ነገር ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ የአንድ ኮንቴይነር ዕቃ ዋጋ ዳነ።

የቀኑ መደምደሚያ

ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን የቡና ላኪው ገጽ ተከፈተ። የእኅታቸው ልጅ የይለፍ ቃሉን አግኝቶ፣ ክፍያውን በራሱ ካርድ ፈጽሞ ኖሯል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይም ኢሜይሉ ደብዳቤ መቀበል ጀመረ። ሽማግሌው በማለዳ ለገዥው ደውለው ስለ ነበር ውሉ ጨርሶ አልፈረሰም። ሆኖም ገዥው፣ ደብዳቤው ሲመለስበት ድርጅቱ የተዘጋ መስሎት ከሌላ ላኪ ናሙና መጠየቁንና አሁን የሁለቱንም ቀምሶ እንደሚወስን አስታውቋቸዋል። ለብዙ ዓመታት ያለ ተወዳዳሪ ይሸጡለት የነበረው ደንበኛ፣ በሦስት ቀን ዝምታ ተወዳዳሪ መጣበት።

ባለሙያዋ ለንድፍ ሥራ የተቀመጡት ከራት በኋላ ነው። «ቀኑ የሰው ነው፤ ሌሊቱ የእኔ» ሲሉ ሳቁ።

ከዚህ ውሎ የተረዳነው፣ የድረ ገጽ ሠሪ ድካም የሚበዛው በሙያው ክብደት ሳይሆን ነጋዴው የራሱን ድርሻ በሌላ ሰው ላይ ጥሎ በመቅረቱ መሆኑን ነው። ስለዚህ ነጋዴዎቻችን የሚከተሉትን እንዲያስቡባቸው እናሳስባለን።

1ኛ፤ የንግድ ስምን በንግድ መዝገብ ማስመዝገብ ዶሜይኑን ማስመዝገብ አይደለም። ዶሜይኑ በድርጅቱ ስም፣ የማስታወሻው ኢሜይልም ሠራተኛ ቢለቅ በማይጠፋ አድራሻ ይመዝገብ፤ ያም አድራሻ በዚያው ዶሜይን ላይ ብቻ የቆመ አይሁን።

2ኛ፤ የክፍያው ቀን እንደ ንግድ ፈቃድ ማደሻ ቀን በግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ የይለፍ ቃሉም እንደ ካዝና ቍልፍ በሁለት የታመኑ ሰዎች እጅ ይቀመጥ።

3ኛ፤ ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት የዕቃው ዝርዝር፣ ልክና ሥዕል ይዘጋጅ። በውሉም የሠሪው ዋጋና የውጭ ኪራዩ ተለይተው ይጻፉ።

4ኛ፤ የባንክ ሒሳብ ለውጥ የሚያስታውቅ ደብዳቤ ሲመጣ፣ በሚታወቅ ስልክ ሳይረጋገጥ አንድ ብርም አይከፈል።

የሱቁን ቍልፍ ለጎረቤት ሰጥቶ አገር የሚለቅ ነጋዴ የለም። የድረ ገጹም ቍልፍ እንዲሁ ነው፤ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ ያላወቀ ነጋዴ ነገ ማለዳ ሳይሆን ዛሬ ማታ ይጠይቅ።