ተጨማሪ መረጃ፦ ተባይ የምትበላ የአበባ ጠባቂ

ተባዮች ዕፅዋትን እንዴት እንደሚጎዱ በዚህ ምዕራፍ ተምራችኋል። ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ መከላከል እንደሚቻልስ ታውቃላችሁ?

በሞቃትና ደረቅ ወቅት የጽጌረዳ ቅጠል ላዩ በጥቃቅን ፈዛዛ ነጠብጣቦች ከተሞላ፣ ገልብጣችሁ ተመልከቱት። ከስሩ ቀጭን ድር ካለ፣ ጥፋተኛው ስፓይደር ማይት ሳይሆን አይቀርም። ይህ ተባይ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሲያድግ ስምንት እግር አለው፤ ስለዚህ የሸረሪት ዘመድ እንጂ ነፍሳት አይደለም። የቅጠሉን ሕዋሳት እየወጋ ውስጣቸውን ይመጥጣል። ቅጠሉም ክሎሮፊሉን አጥቶ ይገረጣል፤ ጉዳቱ ሲበረታ ይረግፋል።

አንድ ዓይነት ኬሚካል ተደጋግሞ ሲረጭ ተባዩ መድኃኒቱን ይላመዳል። በዚህ ምክንያት በአገራችን አንዳንድ የጽጌረዳ እርሻዎች ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ የተባለችውን አዳኝ ማይት በተክሎቹ ላይ ይለቃሉ። እሷ ቅጠል አትበላም፤ ምግቧ ተባዩና እንቁላሎቹ ናቸው። ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ መቆጣጠር ሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር ይባላል። ብዙ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች አዳኟንም ስለሚገድሉ የሚረጨው መድኃኒት በጥንቃቄ ይመረጣል።

ሞክሩ፦ ነጭ ወረቀት ከቅጠሎቹ ስር ይዛችሁ ቅርንጫፉን መታ መታ አድርጉ። ወረቀቱ ላይ የወደቁት ነጥቦች ከተንቀሳቀሱ በማጉያ መነጽር እግራቸውን ቁጠሩ። ገና የተፈለፈሉ ማይቶች ስድስት እግር ብቻ ስላላቸው እንዳትሳሳቱ። ማይት ካገኛችሁ የቅጠሎቹን ስር በውሃ እጠቡ፤ ቁጥራቸው ይቀንሳል።