ዘንዶ በከተማ ቤት፦ የዱር እንስሳን በመኖሪያ ሰፈር የማቆየት ጥያቄ

ኃይለኛ የዱር እንስሳን በሰው መኖሪያ መካከል ማቆየት ለማን ይፈቀዳል፣ አደጋውስ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ጥያቄ ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም፤ በቂርቆስና በካዛንቺስ ዙሪያ ደግሞ የሚጀምረው ከቤተ መንግሥት አጥር ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲከበር የተሠራውና ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የሚባለው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት በተንጣለለው ግቢው ውስጥ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ይጠበቁበት ነበር። አንበሳ የዘውዱ ምልክት ስለ ነበረ እንስሳቱ ጠባቂ፣ ሰፊ ቦታና የማይቋረጥ ቀለብ ተመድቦላቸው ይኖሩ ነበር፤ ከአጥሩ ማዶ ያለ ተራ ነዋሪ ግን ከእነዚህ ነገሮች አንዱንም ማሟላት አይችልም።

ግለሰቦች ያልቻሉት ይህ ሸክም ወደ መንግሥት ሲዞር፣ መንግሥታዊ ተቋም እንኳ ሁልጊዜ አልቻለውም። በ1998 ዓ.ም. በጎዴ ከተማ በአንድ ምግብ ቤት አንገታቸው በገመድ ታስሮ የተገኙ ሁለት የአቦሸማኔ ግልገሎች ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ማረፊያ የተገኘላቸው በዚሁ ቤተ መንግሥት ግቢ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ቦታና ገንዘብ አጥሮት ግልገሎችን በመርዝ ይገድል እንደ ነበር በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተዘግቦ ብዙዎችን አሳዝኗል። ከዚያ ወዲህ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት በሆለታ አቅራቢያ የከፈተው እንስሳ ኮቴ የተባለ ማዕከል ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችን፣ አቦሸማኔዎችንና ሌሎች እንስሳትን እየተቀበለ ቆይቷል።

ከአንበሳና ከአቦሸማኔ ይልቅ አደጋው የሚዘነጋው እንስሳ ግን ዘንዶ ነው። ዘንዶ የሚባለው በጋምቤላና በኦሞ ሸለቆ በመሳሰሉ ቆላማ አካባቢዎች የሚኖረው፣ በአፍሪካ ካሉ እባቦች ሁሉ ትልቁ፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚረዝመው መርዝ አልባ እባብ ነው። መርዝ የለውም ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ወደ ኋላ በተቆለመሙ ጥርሶቹ ታዳኙን ነክሶ ይይዝና በሰውነቱ ይጠመጠምበታል፤ ቀድሞ ታዳኙ የሚሞተው ትንፋሽ አጥሮት ነው ይባል የነበረ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ያደረጉት ጥናት እንደ ዘንዶ ታዳኙን ጠምጥሞ የሚገድለው ቦአ የተባለ እባብ የተጠመጠመበት እንስሳ የደም ዝውውሩ በሴኮንዶች ውስጥ እንደሚቋረጥ አሳይቷል። በትልቅ ዘንዶ የተጠመጠመበት ሰው ብቻውን ከሆነ ራሱን ለማስለቀቅ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው ማለት ነው።

እንስሳው ቂም ወይም ክፋት ኖሮት አይደለም። ከንፈሩ ላይ ባሉ ጉድጓዶች የሌላውን ሰውነት ሙቀት ይለያል፤ ሙቀትና የሚያውቀው የምግብ ሽታ በአንድነት ሲደርሱት ይወረወራል። ስለዚህ ዶሮ ሲበልት የቆየ እጅ ለእርሱ ምግብ ሊሆን ይችላል፤ ዓመታት ያሳደገውን ባለቤት ከሌላው ለይቶ እንዲምር የሚያደርገው ውሻ ለጌታው ያለው ዓይነት ቁርኝት የለውም። በዚህ ላይ ተሳቢ እንስሳት ራሳቸው ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የተባለውን የአንጀት በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ስለሚሸከሙ፣ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ባሉበት ቤት ዘንዶው ማንንም ሳይነካ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

በሌላው ዓለም የሚጠቀሱት ሁለት ትላልቅ ምሳሌዎች ለአዲስ አበባ እኩል አያስተምሩም። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ከቤት እንስሳት ንግድ የወጡ የበርማ ዘንዶዎች በኤቨርግሌድስ ረግረግ ተራብተው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት መሠረት በአንዳንድ ቦታዎች በመንገድ ዳር የሚታዩትን ራኩን የተባሉ አጥቢ እንስሳት ከ98 በመቶ በላይ ቀንሰዋል፤ የአሜሪካ መንግሥትም በዚያው ዓመት የበርማውንና የአፍሪካውን ዘንዶ ጨምሮ የአራት ታላላቅ እባቦችን ወደ አገር ማስገባት ከልክሏል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቷ የሚበርድ ከተማ በመሆኗ ከቤት ያመለጠ የቆላ ዘንዶ በውጭ ተራብቶ ከተማዋን ሊወር አይችልም። ይልቁን ብርዱ እባቡን ይጎዳዋል፤ ሙቀት ያጣ ዘንዶ የዋጠውን መፍጨት ያቅተዋል፣ ሳንባውም ይታመማል። ባለቤቱ ሌት ተቀን የሚያሞቅ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለከተማችን በትክክል የሚስማማው ሁለተኛው ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 በካናዳ ካምቤልተን ከተማ፣ በአንድ መኖሪያ ቤት ተዘግቶበት የነበረ የአፍሪካ ዘንዶ በአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ወጥቶ፣ ቱቦው ያለፈበት ኮርኒስ ተደርምሶ ሲወድቅ በሥሩ ተኝተው የነበሩ የ4 እና የ6 ዓመት ወንድማማቾችን ገድሏል። ልጆቹ የዘንዶው ባለቤቶች አልነበሩም። ባለቤቱ በወንጀል ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2016 ነፃ ወጣ፤ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ክስ ለሟች ምንም እንደማይመልስ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ካዛንቺስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠሩ ቤቶች ጀምሮ የተጠጋጉ የቀበሌ ቤቶች፣ የጋራ ግድግዳና አይጥ የሚመላለስበት የአቡጀዲ ኮርኒስ የበዛበት ሰፈር ነበር፤ አይጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ ደግሞ አይጥ ለሚያድን እባብም መንገድ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሰፊው የሰፈሩ ክፍል ፈርሶ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌላ አካባቢ ሲዛወሩም ጉርብትናው አልቀረም፤ በኮንዶሚኒየም የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ ነውና። በእንዲህ ያለ አኗኗር አንድ ሰው ለራሱ ብቻ የሚቀበለው አደጋ የለም፤ የሚቀበለው ከጎኑና ከሥሩ ያሉትን ሳይጠይቅ ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ከልክሏል፤ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው፣ ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የገባችበት የሳይተስ ስምምነትም የአፍሪካን ዘንዶ በሁለተኛው አባሪው አስፍሮ ከአገር ወደ አገር ማዘዋወሩን በፈቃድ ብቻ ያደርገዋል። በአዲስ አበባ ዘንዶን በቤት ማሳደግ የተለመደ ባለመሆኑ ክልከላው ቀድሞ እንጂ ዘግይቶ አልመጣም፤ ልማዱ ሥር ከሰደደ በኋላ መንቀል እንዴት እንደሚከብድ ፍሎሪዳ አሳይታለች። ዘንዶን መከልከል መጥላት ግን አይደለም፤ በቆላው አይጥን እየበላ ገበሬን የሚጠቅም ፍጡር ነው፣ በየሄደበት በድንጋይ መገደሉም በደል ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ በእጁ ያለ ወይም በጎረቤቱ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ከመግደልና ሜዳ ላይ ከመጣል ተቆጥቦ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያሳውቅ።