ከፍታንና ስበትን የሚለካ ሰዓት
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የተሰቀለው ሰዓት የሥራን መግቢያና መውጫ ከመንገር በቀር ሌላ አገልግሎት ያለው አይመስልም። ሁለት ሰዓቶች ቢለያዩም አንደኛው ተበላሽቷል ብለን ወደ ሰዓት ሠሪ እንልከዋለን። ዳሩ ግን ሁለቱም ፍጹም ደኅና ሆነው ሳለ፥ አንዱ ከላይኛው ፎቅ፥ ሌላው ከምድር ቤት በመቀመጣቸው ብቻ እንደሚለያዩ ሊቃውንት አረጋግጠዋል።

የነገሩ መሠረት አልበርት አይንስታይን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. ያቀረበው የአንጻራዊነት ትምህርት ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት ከስበት የተነሣ ወደ ምድር በቀረብን መጠን ጊዜ ይዘገያል፤ ከፍ ባልን መጠን ይፈጥናል። ልዩነቱ ግን እጅግ ጥቂት ነው። በአንድ ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰዓት የታችኛውን በአንዲት ሰከንድ ለመቅደም ሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስፈልገዋል።

ይህን ለመለየት በእጃችን የምናስረው ሰዓት አይበቃም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ስትሮንትየም የሚባለውን ንጥረ ነገር አቶሞች በሌዘር ብርሃን አግተው፥ አቶሞቹ የሚቀበሉትን ብርሃን ንዝረት ይቈጥራሉ፤ ንዝረቱም በሰከንድ 429 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ነው።

በጃፓን አገር ፕሮፌሰር ሂዴቶሺ ካቶሪና ባልደረቦቻቸው ከነዚህ ሰዓቶች አንዱን በቶክዮ ስካይትሪ ግንብ በ450 ሜትር ከፍታ ላይ፥ ሌላውን ከግርጌው አኖሩ። በ2020 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ አንዲት ሰከንድ በቢሊዮን ብትከፈል፥ የላይኛው ሰዓት በየቀኑ አራት ክፋይ ያህል ይቀድም ነበር። ከዚህ የሚገኘው ከፍታም በሌላ መሣሪያ ከተለካው ጋር በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ተስማማ። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ፥ በቦልደር ከተማ፥ የአንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ የሚያመጣው ልዩነት ተለካ።

ይህ ምን ይጠቅማል? የሚል ቢኖር፥ የላውፈንቡርግን ድልድይ ያስብ። በ2003 ዓ.ም. ጀርመንና ስዊስ ይህን ድልድይ በራይን ወንዝ ላይ ከሁለት ወገን ሲሠሩ፥ የሁለቱ አገሮች የከፍታ መነሻ በ27 ሴንቲ ሜትር ይለያይ ነበር። ልዩነቱ አስቀድሞ ቢታወቅም እርማቱ በተቃራኒው ስለ ተደረገ፥ ስሕተቱ 54 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የከፍታ መነሻ የሚወሰነው እያንዳንዱ አገር በመረጠው የባሕር ወለል ነውና፥ ከዚያ ተነሥቶ በመነጽርና በመለኪያ በትር ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲለካ ጥቂት ጥቂቱ ስሕተት ይከማቻል። ሁለት ሰዓቶች ግን በብርሃን አስተላላፊ ገመድ ቢገናኙ፥ ተራራም ወሰንም ሳያግዳቸው የሁለቱን ስፍራ ልዩነት በቀጥታ ይነግራሉ።

እነዚህ ሰዓቶች ገና ብዙ መሣሪያና ጥንቃቄ ይሻሉ። ሆኖም ጎረቤታሞች አገሮች ድልድያቸውንና ቦያቸውን በአንድ ልክ እንዲሠሩ የሚያስችል ሰዓት፥ ከሥራ መግቢያ ሰዓት የበለጠ ቁም ነገር የሚናገር ነው።