ማጠብ መጠገን አይደለም፦ ያረጀ ሞተር እና የዘይትና የነዳጅ ጭማሪዎች



ሜካኒካል ምህንድስና ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ ከክፍል ውጭ ደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ ስለ ቴርሞዳይናሚክስ አይደለም። «መኪናዬ አርጅቷል፤ የሞተር ማጠቢያ ብጨምርበት ይሻለዋል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ በችኮላ መልስ መስጠት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የተማርሁት በሰው ንብረት ነው።

የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ባጠናቀቅሁ ሰሞን፣ በአሮጌ ኮሮላ ታክሲ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ አንድ አዛውንት ጎረቤት ነበሩኝ። ሞተሩ ጉልበት አጥቶ፣ ዘይቱም ጠቁሮና ወፍሮ ቢያዩት ምክር ጠየቁኝ። እኔም በአሮጌው ዘይት ላይ ማጠቢያ ጨምረው ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ እንዲያስነሡና ከዚያ ዘይቱን እንዲቀይሩ ነገርኋቸው። ያልሁትን አደረጉ። በሦስተኛው ቀን የዘይት መብራቱ በራ፤ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፤ ታክሲው ቆመ። ምክንያቱን ለመረዳት ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ አስቀድመን እንመልከት።

በሞተር ውስጥ ሁለት ዓይነት ቆሻሻ አለ። አንደኛው በዘይቱ በኩል የሚገኘው ነው። ነዳጅ ሲቃጠል ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ሾልኮ ወደ ዘይቱ ቋት ይወርዳል። ይዞት የሚመጣው ጥላሸት፣ የውሃ ተንና ያልተቃጠለ ነዳጅ በሙቀትና በኦክስጅን ታግዞ ዘይቱን ያበላሸዋል፤ ውሎ አድሮም እንደ ሬንጅ ያለ ዝቃጭ ይሆናል። አጭር መንገድ እየሄደ ቶሎ ቶሎ በሚቆም መኪና ላይ ይህ ይብሳል፤ ውሃውና ነዳጁ ተንነው ለመውጣት የሚበቃቸውን ሙቀት አያገኙምና።

ይህን የሚከላከለው በዋነኛነት ራሱ ዘይቱ ነው። የዘመናችን የሞተር ዘይት ከፋብሪካ ሲወጣ ጭማሪዎቹን በውስጡ ይዞ ነው። እንደ ካልሲየም ሰልፎኔት ያሉት አጣቢዎች የአሲዱን ኃይል ያጠፋሉ፤ የብረቱንም ገጽ በንጽሕና ይጠብቃሉ። በታኞቹ ደግሞ የጥላሸቱን ቅንጣቶች ከበው እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። ስለዚህ የዘይት መጥቆር ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ዘይቱ ሥራውን እየሠራ ለመሆኑም ምስክር ሊሆን ይችላል። ሆኖም እነዚህ ጭማሪዎች ያልቃሉ። ካለቁ በኋላ ያልተቀየረ ዘይት የተሸከመውን ቆሻሻ መልሶ በብረቱ ላይ ያራግፋል።

ሁለተኛው ቆሻሻ በነዳጁ በኩል የሚፈጠረው ካርቦን ነው፤ በኢንጀክተሩ ጫፍ፣ በቫልቩ ጀርባና በፒስተኑ ራስ ላይ ይጋገራል። እዚህ ላይ የመልክዓ ምድራችን ድርሻ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲሠራ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ቤንዚን ይሰጣል፤ ትርፉም ጥላሸት ሆኖ ካንዴላው ላይ ይታያል። ካርቡሬተሩን ሳያስተካክሉ እንዲህ ያለውን ሞተር ማጠብ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።

ከነዳጅ ጭማሪዎች መካከል ሳይንሳዊ መሠረት ካላቸው አንዱ ፖሊኤተርአሚን ነው። የሞለኪዩሉ አንድ ጫፍ ከቆሻሻው ጋር ይጣበቃል፤ ሌላው በነዳጁ ውስጥ ይሟሟል። ሙቀትንም ስለሚቋቋም በቃጠሎ ክፍሉ ያለውን ካርቦን ጭምር መቀነስ ይችላል። ይሁን እንጂ ነዳጁ የማይደርስበትን ቦታ አያጥብም። ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ በሚረጩ ሞተሮች ውስጥ የአየር መግቢያ ቫልቮቹን ነዳጅ አይነካቸውም፤ ስለዚህ በነዳጅ ታንኩ የሚጨመር ማጠቢያ አያጸዳቸውም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭማሪ የተበላ ብረት አይመልስም። ፋሻው በካርቦን ተይዞ እንደሆነ ማጠቢያ ሊያላቅቀው ይችል ይሆናል፤ ተበልቶ እንደሆነ ግን ምንም ፈሳሽ አያድነውም። ይህን ለመለየት በካንዴላው ቀዳዳ በኩል የሲሊንደሩ የመጭመቅ ግፊት ይለካል። ግፊቱ ዝቅ ካለ፣ ጥቂት ዘይት በሲሊንደሩ ውስጥ ጠብ ተደርጎ እንደገና ይለካል። በዚህ ጊዜ ከጨመረ ጥርጣሬው ወደ ፋሻውና ወደ ሲሊንደሩ፣ ካልጨመረ ወደ ቫልቩ ወይም ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን ያመራል።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ቋቱ ሲፈታ ዘይት የሚስበው ወንፊት በዝቃጭ ተደፍኖ ተገኘ። ማጠቢያው ሥራውን ሠርቷል፤ ለዓመታት የተጋገረውን በአንድ ጊዜ አላቆ ወደ ወንፊቱ ሰደደው። ዘይት ያልደረሰው ብሮንዚን ተፋጭቶ ተበላ። መጠየቅ የነበረብኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ዘይቱ በየስንት ጊዜው ይቀየር ነበር? የጥገናውን ወጪ ተካፈልሁ፤ ታክሲው በቆመባቸው ሁለት ወራት ያጡትን የቤተሰብ ገቢ ግን ልመልስላቸው አልቻልሁም። እሳቸው አልተቆጡኝም። «ዶክተር፣ ሐኪም እንኳ ሕመሙን ሳይጠይቅ መድኃኒት አያዝም» አሉኝ ብቻ።

ዛሬ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብልኝ የምመክረው ይህን ነው። ዝቃጭ የበዛበት ሞተር በዝግታ ይጽዳ። አምራቹ የፈቀደው ደረጃና ውፍረት ያለው ዘይት ከአዲስ ፊልትሮ ጋር ይደረግለት፤ ከተለመደው ርቀት ግማሹን ሲሄድ ደግሞ ይቀየር፤ ይህም ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋገም። ከተቻለ ቋቱ ወርዶ ወንፊቱ በእጅ ይጽዳ። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍታ በዘይት ቀላቅሎ ሞተር ማስነሣት ግን ዘይቱን አቅጥኖ ብሮንዚኑን ያለ መከላከያ ስለሚያስቀር ፈጽሞ ይቅር።

ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት ሞተር ማጠቢያ ብዙም አያስፈልገውም፤ ለዓመታት የተረሳውን ሞተር ግን ማጠቢያው ራሱ ሊገድለው ይችላል። ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ምክራችሁን አምኖ እንጀራውን በእጃችሁ የሚያስቀምጥ ሰው ይመጣል። ጠርሙሱን ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከዚያም ለኩ።