ቫይረሱ የለበሰው የራሳችንን ስኳር ነው

አብነት አደባባይ አካባቢ ሻይ ይዛችሁ ስትጨዋወቱ «ሳይንስ ይህን ያህል ተራቅቆ የኤች አይ ቪ ክትባት ለምን ጠፋ?» የሚል ጥያቄ ተነስቶ ያውቃል? አንዱ ምክንያት ቫይረሱ ቶሎ ቶሎ መለዋወጡ ነው። ሌላው ምን መሰላችሁ? ስኳር! ሻይ ውስጥ የምትጨምሩት ግን አይደለም።

ኤች አይ ቪ የሰውን ሴል የሚይዝበት ጂፒ120 የሚባል ፕሮቲን አለው። ፕሮቲኑ በስኳር ሰንሰለቶች የተሸፈነ ሲሆን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። ስኳሩን የሚሠራው ደግሞ ቫይረሱ ሳይሆን በቫይረሱ የተያዘው የራሳችን ሴል ነው። ስለዚህ የሰውነታችን መከላከያ ኃይል «ይሄማ የቤት ልጅ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሠራተኛ ዩኒፎርም ለብሶ ዘበኛውን እንደሚያታልል ሌባ ማለት ነው።

ታዲያ ተመራማሪዎች ስኳሩን ከፕሮቲኑ እንዴት ይለዩታል? እዚህ ላይ ኮምፒዩተር ያግዛል። በላቦራቶሪ የተጠና ሞለኪውል ኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጠው የእያንዳንዱ አተም ቦታ በቁጥር በተጻፈበት ረጅም ዝርዝር ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ በአተሞቹ መካከል ያለውን ርቀት ያሰላል፤ በጣም የተቀራረቡትን እንደተያያዙ ይቆጥራል። ቀጥሎ ቀለበት ይፈልጋል። አምስት ካርቦንና አንድ ኦክስጅን ቀለበት ሠርተው ከተገኙ ስኳር ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም የቀለበቱ ቅርንጫፎች በየትኛው አቅጣጫ እንደወጡ ያያል። ለምሳሌ ግሉኮስና ማኖስ የሚለያዩት በአንድ ቅርንጫፍ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት መሳት ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን ሃይድልበርግ ያሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ባለ ፕሮግራም ዓለም አቀፉን የፕሮቲን ቅርጽ መዝገብ ፈትሸው ነበር። ስኳር ካለባቸው ፋይሎች 30 በመቶ ያህሉ ስኳሩ ላይ ስህተት ተገኘባቸው። የመዝገቡ ኃላፊዎች በ2020 የስኳር መረጃዎቹን በሙሉ እንደገና አስተካክለዋል።

«ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። በ2009 ቫይረሱ በደሙ ከሚገኝ አንድ አፍሪካዊ ለጋሽ ፒጂ9 የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ፤ ብዙ ዓይነት የኤች አይ ቪ ዝርያዎችንም ያከሽፋል። በ2011 ቅርጹ ሲጠና ቫይረሱን የሚይዘው ስኳሩንም ጨምሮ መሆኑ ታወቀ። ጋሻ የተባለው ነገር እጀታም ሆነ ማለት ነው! ክትባት ለመሥራት እንግዲህ የትኛው ስኳር የት እንዳለ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። የስኳሩ ቦታ ደግሞ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ፣ በአገራችን የተስፋፋው ሲ የተባለው ዝርያም መጠናት አለበት።

ክትባቱ እስኪደርስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ኮንዶም አለ፣ ምርመራ አለ፣ መድኃኒት አለ። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ቫይረሱ በስኳር ቢሸፈንም እኛ በእውቀት እንቅደመው!